ወንድሜ «እንውጣ» ብሎ መረጠ፣ ባለቤቴ «ያስወጣኸው እኔን ነው» ይለዋል

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። ከተጋባን አሥራ ሦስት ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ያደገው ሆላንድ ነው፣ ፓስፖርቱም የሆላንድ ነው። እኔ የእንግሊዝ ዜግነት አለኝ። ታላቅ ወንድሜ በርሚንግሃም ይኖራል። አባታችን ካረፈ በኋላ ያሳደገኝም፣ እዚህ ያመጣኝም እሱ ነው። «ጋሼ» ነው የምለው። ባለቤቴም እንደዚያው ይለዋል።

በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕዝበ ውሳኔ ጋሼ ከአውሮፓ ኅብረት «እንውጣ» ብሎ መረጠ። እኔ «እንቆይ» አልኩ። ባለቤቴ መምረጥ አይችልም ነበር። ያኔ ትንሽ ተከራከሩና ነገሩ በረደ። የበረደ መስሎኝ ነበር። በየበዓሉ ግን አንድ ነገር ይወረወራል። ቲማቲም ተወደደ ሲባል ባለቤቴ «ጋሼን ጠይቁት» ይላል። ጋሼ ደግሞ «አንተ ምን አለብህ፣ ሁለት አገር አለህ» ይለዋል።

በቅርቡ ለሠርግ አብረን ሮተርዳም ሄድን። አምስተርዳም ስናርፍ ባለቤቴና ልጆቹ በአውሮፓውያኑ መስመር ሽው ብለው አለፉ። እኔና ጋሼ ሌላኛው ሰልፍ ላይ ቆምን። ሰልፉ አያልቅም። ጋሼ ጉልበቱን ያመዋል። ባለቤቴ ከወዲያ ማዶ ሆኖ፣ ጮክ ብሎ፣ በአማርኛ «ጋሼ! ድንበሩን ተቆጣጠራችሁት አይደል? ቁሙዋ እንግዲህ!» አለው። ሰልፉ ላይ የነበሩ ሐበሾች ሳቁ። ጋሼ ምንም አልመለሰም። ሠርጉ ላይም ዝም እንዳለ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም። የትንሿ ልጄን የልደት ስጦታ እንኳ የላከው በሰው ነው።

ባለቤቴ «እውነቱን ነው የነገርኩት፤ መጀመሪያ እሱ ስለ ድምፁ ይቅርታ ይጠይቀኝ» ይላል። ጋሼ «እኔ የመረጥኩት ስለ እናቴ ነው» ይላል። እናታችን አዲስ አበባ ናት። እኛን ለመጎብኘት ሁለት ጊዜ አመልክታ ቪዛ ተከልክላለች፣ ሁለቱም ከሕዝበ ውሳኔው በፊት። ጋሼ ያኔ «ፖላንዱ መታወቂያውን አሳይቶ ይገባል፤ እኔ ግብር ከፋዩ እናቴን ለአንድ ወር ማምጣት አልችልም» ይል ነበር።

ማን ነው ትክክል? እኔስ ለማን ልወግን?

መሐል የቀረሁት፣ ከሊድስ

መልስ

እህቴ፣

ስለ ኤርፖርቱ ከሆነ ያጠፋው ባለቤትሽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ጉልበቱን የሚያመው ታላቅ ሰው፣ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ የአገሩ ልጅ እየሰማ ተሳቀበት። የተባለው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ድምፁ ከሆነ ግን ወንድምሽ ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር አይታየኝም። ይህን የምለው በምርጫው ስለምስማማ አይደለም። አልስማማም። አገሪቱ በመውጣቷ ከስራለች ከሚሉት ወገን ነኝ። የመንግሥትን በጀት የሚመረምረው ገለልተኛ ቢሮም የአገሪቱ ምርታማነት፣ ኅብረቱ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ከሚሆነው፣ በረጅም ጊዜ በ4 በመቶ ያህል ዝቅ እንደሚል ነው የሚገምተው። ቢሆንም ሰውዬው የተጠየቀውን መለሰ። መንግሥት ራሱ ወረቀት አቅርቦ «ትወጣላችሁ ወይስ ትቆያላችሁ?» ብሎታል።

ደግሞ ብቻውን አልነበረም። ሰኔ 23 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) 17.4 ሚሊዮን ሰው «እንውጣ»፣ 16.1 ሚሊዮን ሰው «እንቆይ» አለ። ከመቶ 52 ለ48 ማለት ነው። የእናንተ ከተሞች ደግሞ ከዚህም የባሱ ናቸው። ሊድስ በ50.3 በመቶ «እንቆይ» አለች፣ በርሚንግሃም በ50.4 በመቶ «እንውጣ» አለች። አንቺም ወንድምሽም ከቤት ወጥታችሁ መንገድ ላይ ከምታገኙት ሁለት ሰው አንዱ ከእናንተ ጋር አይስማማም። የእንግሊዞቹም ቤት እንደዚሁ ነው የተሰነጠቀው። ወጣቱ ባብዛኛው «እንቆይ»፣ ጡረተኛው ባብዛኛው «እንውጣ» ስላለ፣ አባትና ልጅ ለገና በዓል እራት ተቀምጠው ስለ አየር ጠባይ ብቻ የሚያወሩበት ቤት ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ጥያቄ አንድ ነው። ሰዎች የመለሱት ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥያቄ ነው። ለአንዱ ጉዳዩ የአሣ ማጥመጃ ውኃ ነበር። ለሌላው የተዘጋው ፋብሪካ። አንዳንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮንን መቅጣት ፈለገ። ከሁለቱም ወገን የተነገረው ደግሞ ለጥሩ ውሳኔ የሚመች አልነበረም። የ«እንውጣ» ባዮቹን ቀይ አውቶቡስ ታስታውሺዋለሽ፤ በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለብራስልስ፣ ለኅብረቱ ማለት ነው፣ እንልካለን የሚለውን። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አሳሳች ነው ብሎ ነግሯቸዋል፤ አውቶቡሱ መዞሩን ቀጠለ። በወዲያ በኩል የገንዘብ ሚኒስትሩ ኦስቦርን «ከወጣን አስቸኳይ በጀት አወጣለሁ፣ ግብር እጨምራለሁ» ብሎ አስፈራራ። ያ በጀት አልመጣም።

ወንድምሽ የመለሰው ጥያቄ ደግሞ የእናቱ ቪዛ ነው። ሁለት ጊዜ ተከልክላ ያለቀሰችውን እሱ ነው በስልክ የሰማው ብዬ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም። እንዲህ ያሰቡ ስደተኞች ጥቂት አልነበሩም። የባንግላዴሽ ምግብ ቤት ባለቤቶችን አስቢ። ከአውሮፓ ኅብረት ብንወጣ ከአገራችሁ ወጥ ሠሪ ማምጣት ይቀላችኋል ተብለው ነበር፤ ፖለቲከኛዋ ፕሪቲ ፓቴልም ይህን ከሚሰብኩት አንዷ ነበረች። ብዙዎቹ አመኑ። ኋላ እሷው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና አዲሱ ሕግ ሲወጣ፣ በዚያ መንገድ ወጥ ሠሪ ማምጣት እንደተነገራቸው ቀላል ሆኖ አላገኙትም።

ወንድምሽ ስሌቱ ላይ ተሳስቷል። ይህን አንቺም ማወቅ አለብሽ፣ ለመከራከሪያ ሳይሆን ነገሩ እንዲገባሽ። የእናታችሁን ቪዛ የከለከለው ብራስልስ አይደለም። ከአውሮፓ ውጪ ለሚመጣ ሰው ቪዛ መስጠትና መከልከል ዱሮም የለንደን ሥልጣን ነበር። ወላጅን አምጥቶ አብሮ ለመኖር የሚያስችለውን ሕግ በ2012 አጥብቆ የዘጋው ራሱ የእንግሊዝ መንግሥት ነው። ፖላንዱስ? በ2004 ፖላንድና ሌሎቹ ወደ ኅብረቱ ሲገቡ፣ አብዛኞቹ ነባር አባላት ሠራተኛው ለጥቂት ዓመታት እንዲጠብቅ አደረጉ። በሩን ወዲያው የከፈቱት እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ናቸው። እሱንም ለንደን ወሰነች።

ከወጡ በኋላ ምን ሆነ? አውሮፓዊው ቀነሰ፣ ከእስያና ከአፍሪካ የሚመጣው ጨመረ። እስከ 2023 አጋማሽ ባለው አንድ ዓመት የተጣራው የስደተኛ ቁጥር ከ900 ሺህ በላይ ደረሰ። ለአረጋውያን ተንከባካቢነት በ2022 ቪዛ ተከፍቶ ስንት ሐበሻ እንደመጣ አንቺም ታውቂያለሽ። ከዚያ መንግሥት ደነገጠ። በመጋቢት 2024 ተንከባካቢዎች ቤተሰብ እንዳያመጡ ተከለከለ። በ2025 ከውጭ መቅጠሩ ራሱ ተዘጋ። ሚስት ወይም ባል ለማምጣት የሚጠየቀው የዓመት ገቢም ከ18,600 ፓውንድ ወደ 29,000 ወጣ። ወንድምሽ ፖላንዱ ከእኔ እኩል ይሰለፍ ነበር ያለው። ፖላንዱ ተሰለፈ። የእሱ ሰልፍ ግን አላጠረም።

(በነገራችን ላይ ለባለቤትሽም ንገሪው፤ ሁሉም ነገር ብሬግዚት (ከኅብረቱ መውጣቱ) ያመጣው አይደለም። በ2023 መጀመሪያ ሱፐርማርኬቶች ቲማቲም በቁጥር የሸጡት በዋናነት ስፔንና ሞሮኮ ውስጥ አየሩ ስለተበላሸ ነው። ለቲማቲሙ እንኳ ጋሼን ይማረው።)

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ አጭር የሆነው ስለ እሱ የጻፍሽው ነው፤ «መምረጥ አይችልም ነበር» ብለሽ አልፈሽዋል። እስቲ ቆም ብለሽ እይው። እዚያው አገር ይኖራል፣ ይሠራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ልጅ ያሳድጋል። ከናይጄሪያ ወይም ከሕንድ የመጣ ጎረቤቱ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች ማኅበር) ዜጋ ስለሆነ ዜግነት ሳይወስድ ይመርጣል። እሱ ግን ስለ ራሱ ዕጣ ሌላው ሲወስን ቁጭ ብሎ ያያል። ከምርጫው አንድ ሳምንት በፊት ከከተማችሁ ብዙም ሳይርቅ በርስታል ላይ «እንቆይ» ባይዋ የፓርላማ አባል ጆ ኮክስ በጥይትና በስለት ተገደለች። እንዲህ ያለ ሳምንት ነበር።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። አዲሷ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ የመውጫውን ደብዳቤ በመጋቢት 2017 አስገባች። ስምምነቷን ፓርላማው ሦስት ጊዜ ጣለው፣ የመጀመሪያውን በ432 ለ202። በቦታዋ ቦሪስ ጆንሰን መጣ፣ በታኅሣሥ 2019 አሸነፈ፣ ጥር 31 ቀን 2020 አገሪቱ ወጣች። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤትሽ እንደ ሦስት ሚሊዮን ሌሎች አውሮፓውያን «እቆያለሁ ወይ?» እያለ ነበር። መጀመሪያ ለመቆያ ፈቃዱ ማመልከቻ 65 ፓውንድ ይከፈላል ተባለ፤ በጥር 2019 ክፍያው ተነሳ። ስልክ አውጥቶ ፓስፖርቱን ስካን ማድረግ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው ማዞር፣ መዝገብ ላይ ያልተገኘውን ዓመት በደመወዝና በባንክ ወረቀት ማስረዳት። አልጋ ላይ ተቀምጦ ያንን ስልክ ሲያዞር ምናልባት አጠገቡ ነበርሽ። ሚስቱና ልጆቹ የማይጠየቁትን እሱ ብቻ ተጠየቀ።

ይህን ለጋሼ ነግሮት ያውቃል? እንደማያውቅ ደብዳቤሽ ይነግረኛል። የነገረው በቀልድ ብቻ ነው። በየበዓሉ የሚወረወረው ቀልድ ያ ነው። ጋሼም «ሁለት አገር አለህ» ሲለው ያልገባው ይኸው ነው። ባለቤትሽ በዚያን ጊዜ አንድም አገር እንደሌለው ነበር የተሰማው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ባለቤትሽ በርሚንግሃም ይሂድ። በስልክ አይሆንም፣ በዋትስአፕ ጭራሽ አይሆንም። ብቻውን ይሂድ። ይቅርታ የሚጠይቀው ስለ ሰልፉ ብቻ ነው፤ «ሰው ፊት አዋረድኩህ፣ ይቅር በለኝ» ይበል። «ግን» የምትለዋን ቤት ትቷት ይሂድ። ስለ ድምፁ ሐሳቡን እንዲለውጥ ማንም አልጠየቀውም።

ሽማግሌ አትላኪ። ሽማግሌ ለሌላ ነገር ጥሩ ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን እያንዳንዱ ሽማግሌ የራሱን ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሳሎኑ ፓርላማ ይሆንባችኋል። የዌስትሚንስተሩ ራሱ ሦስት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል።

ከይቅርታው በኋላ፣ የዚያን ዕለት ባይሆንም ሌላ ቀን፣ ባለቤትሽ የስልኩንና የወረቀቱን ነገር ለጋሼ ይንገረው። ሳይቀልድ። ጋሼም የእናቱን ነገር ያውራ፣ ባለቤትሽ ሳያቋርጠው ይስማ። አንቺ እዚያ ባትኖሪ ይሻላል። እስካሁን የአንዱን ቃል ለአንዱ ስታደርሺ ኖረሻል፤ ሁለቱም ለአንቺ እያወሩ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ዓመታት አለፉ። «እሱ እኮ እንዲህ ማለቱ አይደለም» የምትለውን ነገር ተያት። ለማን ልወግን ላልሽው መልሴ ይህ ነው። ከመሐል ውጪ።

ከዚህ በታች ያለውን ግን በጥንቃቄ አንብቢው። ደብዳቤሽን ሳነብ ከጠቡ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

እንግሊዝ የኅብረቱ አባል በነበረችበት ጊዜ፣ እዚያ የሚኖር የሌላ አባል አገር ዜጋ በእሱ ላይ ጥገኛ የሆነ ወላጁን ማምጣት ይችል ነበር። የራሱን ወላጅ ብቻ አይደለም፣ የሚስቱንም። ጋሼ በእንግሊዝ ፓስፖርቱ እናቱን ማምጣት አልቻለም፤ ቁልፉ ግን እህቱ ቤት ነበረ፤ በባለቤትሽ የሆላንድ ፓስፖርት ውስጥ። ማናችሁም አላወቃችሁም፣ ማንም አልነገራችሁም።

ይህን ሰምተሽ የመጀመሪያ ሐሳብሽ ስልክ አንስተሽ ለጋሼ «አየህ፣ የዘጋኸው ያንን በር ነው» ማለት ከሆነ፣ እባክሽ ስልኩን መልሰሽ አስቀምጪው። ባለቤትሽም እንዲህ እንዳይል አስጠንቅቂው። ይህ ከኤርፖርቱ ንግግር መቶ እጥፍ ያቆስላል።

በተለይ ደግሞ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በመውጫው ስምምነት መሠረት፣ እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እንግሊዝ ይኖር የነበረና ሴትልድ ወይም ፕሪ ሴትልድ ስታተስ (ያንን የመቆያ ፈቃድ፣ ቋሚውን ወይም ጊዜያዊውን) ያገኘ አውሮፓዊ፣ ዝምድናው ከዚያ ቀን በፊት የነበረ እስከሆነ ድረስ፣ ጥገኛ የሆነ የራሱን ወይም የሚስቱን ወላጅ በዚህ መንገድ እንዲያመለክት ማድረግ ይችላል። እናንተ ከዚያ በፊት ተጋብታችኋል። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። ከዚህ በፊት ቪዛ መከልከሏ ብቻውን አያስጥላትም፤ ግን በማመልከቻው ላይ መደበቅ የለበትም።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የኢሚግሬሽን ምክር ለመስጠት የተመዘገበ ሰው ዘንድ ሂዱ፣ ማንነቱንም ከመዝገቡ አረጋግጡ። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እኔ እጨርስልሻለሁ» ከሚል ሰው ራቁ። ባለቤትሽ የእንግሊዝ ዜግነት ለመውሰድ ካሰበ ይህን ምክር ሳያገኝ አይጀምር፤ የእናትሽ ማመልከቻ በእሱ የአውሮፓ ዜግነት ላይ ነው የሚቆመው። ሆላንድም ዜጋዋ ሌላ ዜግነት ሲወስድ በአብዛኛው የራሷን ታነሳበታለች። የዚያ አገር ዜጋ ላገባ ሰው ግን የተለየ ፈቃድ አለ፤ ይህንንም ይጠይቅ። ፓስፖርቱን ካሳደሰም አዲሱ ቁጥር ከኢንተርኔቱ መዝገብ ጋር መያያዙን ይይ። እስከዚያው ድምፅ የለኝም አይበል። ከ2021 በፊት ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ እንግሊዝ የኖረ አውሮፓዊ በአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ይመርጣል። ሊድስ ምክር ቤት ላይ የሚያማርረው ካለው ሄዶ ይምረጥበት።

ከሁሉ የሚከብደው ጥገኝነቱን ማስረዳት ነው። እናትሽ ለምግቧ፣ ለቤቷ፣ ለመድኃኒቷ የምትኖረው በአንቺና በባለቤትሽ ድጋፍ መሆኑ በወረቀት መታየት አለበት። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሐኪም ደብዳቤ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጋሼ የሚያስፈልጋችሁ። የበኩር ልጅ ነውና ከገንዘቡ አብዛኛውን የሚልከው እሱ ሊሆን ይችላል። ከሆነ እንደሆነው ይነገር፤ ወረቀት ማሳመር ማመልከቻውንም እናንተንም ያበላሻል። ማን ምን ያህል እንደሚልክ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚልክ፣ ሦስታችሁም ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ አማካሪው ፊት ተቀመጡ። ቀጠሮውን በርሚንግሃም አድርጉት፤ ጋሼ ጉልበቱን ያመዋል ብለሻል።